የድሮ የአሜሪካ ዋፍል መጋገሪያ አድሳችሁ የምትጠቀሙ አላችሁ? እኔ እንደ ምጣድ አሟሸሁት

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ? ይሄን ልጻፍ አልጻፍ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። ዛሬ ጠዋት ልጆቼ በመጨረሻዋ ዋፍል፣ በዚያች ባለ ጎድጓዳ ቂጣ፣ ሲሻሙ ሳይ ግን ማካፈል አለብኝ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩን። ሲያርፉ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ አውጥተው ሸጡ። ጋራዡ ጥግ፣ ከቀለም ጣሳዎች ሥር፣ አንድ ክብ ብረት አየሁ። ዝገቱ የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ስከፍተው ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ጎድጓዳዎች የተሞላ ነው። ዋፍል መጋገሪያ! ኤሌክትሪክ የለውም፣ ገመድ የለውም። እሳት ላይ የሚጣድ ነው። በ15 ዶላር ገዛሁት። ቤት ወስጄ ጀርባውን በብሩሽ ስፈትገው ጽሑፉ ብቅ አለ፦ ግሪስወልድ፣ ኢሪ፣ ፔንስልቬንያ፣ ቁጥር 8፣ 1908።

እናቴ ያን ሰሞን ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ብረቱን ገለባብጣ አየችው። «ይሄ እኮ ምጣድ ነው» አለች። «ታጥቦ፣ ተሟሽቶ፣ ከዚያ ይጋገርበታል። ሌላ ምን አለው?»

እኔ ኢንተርኔት ላይ ሦስት ቀን ሳነብ የከረምኩትን እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። መጀመሪያ ዝገቱን አወጣን። አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለን ለግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው። ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም፣ አቼቶው ራሱን ብረቱን መብላት ይጀምራል። ፈተግን፣ አጠብን፣ ወዲያው እሳት ላይ አደረቅን። እርጥብ ብረት አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ እንደገና ብርቱካናማ ይሆናል። ከዚያ እናቴ ጎመን ዘር በሙቀጫ ወቅጣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረች። ብረቱ ሞቅ ሲል በማሰሻው አሰሰችው። ማሰሻው ወደ ጎድጓዳዎቹ አልገባ ሲላት ሌላ ጨርቅ በስንጥር ጫፍ ጠቅልላ እያንዳንዷን ጎድጓዳ ለብቻ ጠረገች። አንድም አልዘለለችም። ዘይቱ የትም ጥግ እንዳይጠራቀም ነው። «ከተጠራቀመ የሚያጣብቅ ይሆንና ሊጥ ይይዛል» አለች። እኔ ካነበብኩት ጋር አንድ ነው። ከዚያ የእንጨት እጀታዎቹን ነቅለን፣ ብረቱን ደፍተን፣ ኦቨን ውስጥ በ450 ፋራናይት አንድ ሰዓት አቆየነው። አሰስን፣ አስገባን። አራት ጊዜ።

የመጀመሪያዋ ዋፍል ማሟሻ ሆነች። ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ላይ፣ ግማሿ ታች ቀረች። ሁለተኛዋ ጠርዟ ተያዘ። ሦስተኛዋ ስከፍተው ፈልቀቅ ብላ ወጣች። ቀጭን፣ ጠርዟ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጧ ለስላሳ። እናቴ አንዴ ገመጠችና ዝም አለች። ከዚያ «ሌላ ጨምሪ» አለችኝ።

አሁን ጥያቄዬ። በዚሁ ፍቅር ተነድቼ ሁለተኛ ገዛሁ፤ ይሄኛው የኤሌክትሪክ ነው። የ1930ዎቹ ይመስለኛል፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታው ጥቁር። ስሰካው ታችኛው ይግላል፣ ላይኛው ቀዝቃዛ ነው። ዋፍሉ ታቹ አሮ ላዩ ሊጥ ይሆናል። ገመዱ በጨርቅ የተሸመነ ነው። የሚያውቅ ይርዳኝ።

ሽቦ_በሽቦ

እህቴ፣ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀዪው። እስክናወራ ድረስ እንዳትሰኪው።

ችግርሽ ምን እንደሆነ በግምት ልንገርሽ። ማጠፊያው ጋ ያለው ሽቦ ተበጥሷል። መጋገሪያው በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ከታችኛው ወደ ላይኛው ክፍል የሚሄደው ሽቦ ይታጠፋል። 80 ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ ይደክማል። ሁለቱ ማሞቂያዎች ጎን ለጎን ከተያያዙ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይሠራል። ያንቺው እንደዚያ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ቢሆን ሁለቱም ይጠፉ ነበር።

ማሞቂያው ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ኒክሮም ይባላል፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። አልበርት ማርሽ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣበት ነው። ይሄ ሽቦ ባይገኝ የኤሌክትሪክ ምጣዱም፣ ቶስተሩም፣ ዋፍል መጋገሪያውም ባልኖሩ። ቀይ እስኪሆን ግሎ አየር ላይ አይቃጠልም። ስለዚህ እሱን አትጠራጠሪው።

የምትጠራጠሪው ገመዱን ነው። የዚያ ዘመን የጨርቅ ገመድ ውስጡ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የሙቀት መከላከያ፣ ሊኖረው ይችላል። ግራጫ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የሚቦን ነገር ካየሽ አትንኪው፣ አትቁረጪው፣ አትጥረጊው። እርጥብ አድርገሽ፣ በድርብ ፌስታል አስረሽ፣ ካውንቲሽ አደገኛ ቆሻሻ በሚቀበልበት ቦታ አስረክቢ። ሳንባ መለዋወጫ የለውም። አንዳንዶቹ ሆዳቸው ውስጥም የአስቤስቶስ ወረቀት አላቸው። ሲከፈት እንዲህ ያለ ወረቀት ከታየሽ መልሰሽ ዝጊውና ለሚያውቅ ሰው ስጪ።

ቴስተር አለሽ?

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

አለኝ፤ ባለቤቴ መኪና የሚነካካበት። ነቅየዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልገባኝም። ሱቅ ውስጥ በ25 ዶላር አዲስ አለ፣ ምንም ነገር አይጣበቅበትም። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ቤቲዬ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ያ የ25 ዶላሩ ነበረኝ። ሁለት ነበሩኝ እንዲያውም። ሽፋኑ በሁለት ዓመት ተላላጠ። ከተላላጠ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ይሄ ግን ሽፋኑን የምሠራው እኔ ነኝ። ሲበላሽ ፍቄ እንደገና አሟሻለሁ።

ሌላው ዋፍሉ ራሱ ነው። አሁን ሱቅ ያሉት አብዛኞቹ ጥልቅ ጎድጓዳ ያላቸው፣ የቤልጅየም ዓይነት ናቸው። አሜሪካኖች ይሄን ዓይነት በሰፊው የወደዱት በ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከእንጆሪና ከክሬም ጋር ከቀመሱት በኋላ ነው። የድሮው የአሜሪካ ዋፍል ቀጭን ነው። ጎድጓዳው ጥልቀት የለውም። ቶሎ ይደርቃል፣ ይንኮሻኮሻል። ብረቱም ከባድ ስለሆነ ሊጡ ሲያርፍበት ሙቀቱ አይወርድም። ቀላሉ መጋገሪያ ላይ ሊጡን ስታፈሺበት ይበርድና ዋፍሉ ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም። እንጀራ በሳሳ ምጣድ ላይ ስትጋግሪ ዓይን እንደማያወጣልሽ ማለት ነው።

ጋሽ_የኦሃዮው

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ ኦሃዮ ነኝ፣ ከ30 ዓመት በላይ በብረት ሥራ ላይ የቆየሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዋፍል ብረት እሰበስባለሁ። ይሄን ወግ በአማርኛ አነባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል።

ልጄ፣ ያገኘሽው ጥሩ ዕቃ ነው። ግሪስወልድ በ1865 ኢሪ ከተማ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው፣ በ1957 ተዘጋ። ተፎካካሪው ዋግነር ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲድኒ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1891 ተቋቋመ። የሁለቱ ብረት ዛሬም በገበያ ተፈላጊ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ወለሉ ለስላሳ ነው። በእጅሽ ስትዳስሺው ከዛሬው ሻካራ ብረት ይለያል።

1908 የሚለው የተሠራበት ዓመት አይደለም። የፓተንቱ ዓመት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሻጩም «የ1908 ዕቃ ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። ያንቺው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ የወጣ ነው።

አሁን ማጠፊያውን ተመልከቺ። በአንድ በኩል እንደ ኳስ የከበበች ጉብታ አለች አይደል? እሷ በሥሩ ባለው ቀለበት ላይ ባለች ጎድጓዳ ትቀመጣለች። እጀታውን ይዘሽ ብታዞሪው መጋገሪያው በሙሉ ይገለበጣል፣ ከቀለበቱ ሳይነሳ። ይሄ የሆነው ከታች ብቻ ስለሚነድ ነው፤ ሁለቱም ፊት ተራ በተራ እሳት ማግኘት አለበት። ብልሃቱ የቆየ ነው። ኮርኔሊየስ ስዋርትዋውት የሚባል የኒው ዮርክ ትሮይ ከተማ ሰው በኦገስት 24፣ 1869 ለዋፍል መጋገሪያ ፓተንት አገኘ። አሜሪካኖች ያን ቀን እስከ ዛሬ የዋፍል ቀን ብለው ያከብሩታል።

ቀለበቱ አጭር ነው ረጅም? አጭሩ ለእንጨትና ለከሰል ምድጃ ነው፤ ክዳኑ ተነስቶ ቀዳዳው ላይ ይቀመጥ ነበር። ረጅሙ ለጋዝ ነው። የመስታወት ምድጃ ካለሽ ሁለቱም አይመችም፣ ብረቱ ከመስታወቱ ስለሚርቅ አይግልም።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ! ረጅሙ ነው። እኔ ኳሷን ጌጥ መስላኝ ነበር። እስከ ዛሬ በሁለት እጄ አንስቼ ነበር የምገለብጠው። አሁን ሄጄ ሞከርኩት፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ዓይኔን ገለጡልኝ።

ያሬድ_ባልቲሞር

እኔ ደግሞ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዛሁ። ውስጡ በጠቆረ ዘይት ተጋግሯል፣ እንደ ሬንጅ። አንድ ቪዲዮ ላይ የምድጃ ማጽጃ ሲረጩ አየሁ። ረጨሁበት፣ አድሮ ጠዋት ከፈትኩት። ዘይቱ ወጥቷል። ግን ወለሉ ከሰል መስሏል፣ በጣቴ ስነካው ጥቁር ይለቃል፣ ጥቃቅን ጉድጓድ አውጥቷል። ምንድነው ያደረግኩት?

ጋሽ_የኦሃዮው

ያሬድ ልጄ፣ አይዞህ፣ ብዙ ሰው የሠራው ስህተት ነው። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ብረት ሳይሆን አይቀርም። ያንተው አልሙኒየም ነው። የኤሌክትሪኮቹ ወለል አብዛኛው አልሙኒየም ነው። የምድጃ ማጽጃው ኮስቲክ ሶዳ አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን አይነካም፤ የብረት ምጣድ የሚያድስ ሰው ዋና መድኃኒቱ እሱ ነው። አልሙኒየምን ግን ይበላዋል። አረፋ ሲያወጣ አይተህ ከሆነ ሃይድሮጅን ጋዝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ከመርጨታችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ አልሙኒየም ነው፤ ኮስቲክ የለም፣ ዝገትን በኤሌክትሪክ ማውጣትም (ኤሌክትሮሊሲስ) የለም። የአልሙኒየሙን ቅባት እንዲህ አውጡ፦ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ ቀቡት፣ ትንሽ አቆዩት፣ በጥርስ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ፈትጉ። አንድ ከሰዓት ይፈጃል። የሚነቀል ወለል ከሆነ ነቅላችሁ እጠቡ። የማይነቀል ከሆነ ውኃ ወደ ማሞቂያው እንዳይገባ ደፍታችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ያንተን ጥቁሩን በሽቦ ስፖንጅ ቀስ ብለህ አንሳ። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ በደንብ ሲሟሽ ይሸፈናል። ከጠለቀ ሊጥ ይይዝሃል፣ ሌላ ወለል ብትፈልግ ይሻላል።

ሽቦ_በሽቦ

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ውጪው ልጨምር። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ክሮም ይለዋል። የቆዩት ኒኬል ናቸው። መለያው ቀለሙ ነው። ኒኬል ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ። ሁለቱም ስስ ቅብ ናቸው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሻካራ ስፖንጅ ከነካችሁት ቅቡ ይነሳል፣ አይመለስም። ክሮም ላይ ነጠብጣብ ዝገት ካለ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨብጣችሁ፣ ውኃ ነክራችሁ፣ በስሱ እሹት። ፎይሉ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ሲለቅ ማየት ደስ ይላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ አድርጊ። ሶኬቱ ሳይሰካ። በሁለቱ የመሰኪያ እግሮች መካከል ለኪ። ከዚያ አንዱን ጫፍ እግሩ ላይ፣ ሌላውን የመጋገሪያው ብረት ገላ ላይ አድርጊ። ሁለቱንም ንገሪኝ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

በእግሮቹ መካከል 29 ገደማ። ገላው ላይ ምንም አያነብም፣ እንዳልነካሁት ነው።

ሽቦ_በሽቦ

በጣም ጥሩ። ሁለተኛው ዋናው ነው። ገላው ላይ ቁጥር ቢያሳይሽ ኖሮ ኤሌክትሪኩ ወደ እጅሽ መንገድ አለው ማለት ነበር። ገላው ብረት ነው፣ የኧርዝ ሽቦ የለውም። የዚያ ዘመን ዕቃ እንዲህ ነው።

29 ኦም በ120 ቮልት ወደ 500 ዋት ነው። አንዱ ማሞቂያ ብቻ ነው የሚሠራው ማለት ነው። ሌላው እኩል ከሆነ ሁለቱ አብረው ወደ 1000 ዋት ይሰጡሻል። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ የተጻፈውን አንብቢ። የ1920ዎቹ ብዙዎቹ 660 ዋት ናቸው። ያኔ ብዙ ቤት የግድግዳ ሶኬት አልነበረውም፣ ዕቃው ከአምፖል ሶኬት ላይ ነበር የሚሰካው፣ የአምፖል ሶኬት ደግሞ የሚችለው 660 ዋት ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

1000 ዋት ይላል! ልክ ነህ ወንድሜ።

ሽቦ_በሽቦ

እንግዲያው ሥራው ቀላል ነው። የሥሩን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቺ። ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ የትኛው ሽቦ የት እንደገባ። ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈውን ሽቦ አዲስ ቀይሪ፦ በፋይበርግላስ የተሸፈነ፣ ሙቀት የሚችል፣ ለምድጃ የሚሸጠው ዓይነት። ተራ የፕላስቲክ ሽቦ እንዳትጠቀሚ፣ ይቀልጣል። ማያያዣውን በሶልደር እንዳትበይጂ፣ እሱም ይቀልጣል። በብሎን ወይም በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ ነው። ነጫጭ የሸክላ ዶቃዎች ካሉ አንድም እንዳይጠፋ፤ ሽቦውን ከገላው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ሲዘጋ ሲከፈት እንዳይወጠር ትንሽ ርዝመት ትርፍ ተይለት። የውጪውን ገመድም ለማሞቂያ ዕቃ በተሠራ ወፍራም ገመድ ቀይሪ። ስትሞክሪ ኩሽና ውስጥ ካለው፣ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ካለበት ሶኬት ላይ ሰኪ፤ ኤሌክትሪክ ከሾለከ ወዲያው ይቆርጣል።

ሄኖክ_ከአዲስ

ሰላም ከአዲስ አበባ። እህቴ ከአሜሪካ በክረምት ትመጣለች። አንዱን የኤሌክትሪክ ታምጣልኝ? እዚህ ይሠራል?

ሽቦ_በሽቦ

ሄኖክ፣ ቀጥታ ከሰካኸው አንድ ደቂቃም አይቆይልህም። ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 220 ስትሰጠው ኃይሉ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። 1000 ዋቱ ወደ 3360 ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ኃይል በዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ማለት ነው።

ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ካለህ ይሠራል። የአሜሪካው መብራት 60 ኸርዝ፣ የአገራችን 50 ኸርዝ መሆኑ ለማሞቂያ ችግር አይፈጥርም። ግን ትራንስፎርመሩ ከመጋገሪያው ኃይል በላይ የሚችል ይሁን፣ ለ1000 ዋት ቢያንስ የ1500። ከባድ ነው፣ ዋጋም አለው።

ጋሽ_የኦሃዮው

ሄኖክ፣ እኔ ብሆን እንደ ልጃችን ያለውን የብረቱን አስመጣ ነበር። ረጅም ቀለበት ያለውን። ቡታጋዝ ላይ ይቀመጣል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ከከሰል ላይም ይሆናል። ክብደቱን ግን ለእህትህ ንገራት፣ ከሻንጣው ኪሎ ላይ ይቀንሳል።

ሄኖክ_ከአዲስ

ጋሼ ይሄ ነው የምፈልገው! ቡታጋዝ አለኝ። አመሰግናለሁ።

እመቤት_ሲያትል

ስለ ሊጡ ማንም አላወራም እኮ። እኔ የባለቤቴ አያት የነበረ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አለኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራበት ይሄ ነው፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ ግማሹ የስንዴ ግማሹ ነጭ ጤፍ። 4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር። 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ከሦስት ሩብ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት። ዘይቱን እንዳትቀንሱ! ሰው ዘይቱ በዛ ብሎ ይቀንስና ተጣበቀብኝ ይላል። ሳይጣበቅ እንዲላቀቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳሩን ግን አታብዙ፣ ስኳር ይቃጠልና ብረቱን ይይዛል። ጤፉ ውኃ እስኪጠጣ ሊጡን አሥር ደቂቃ አሳርፉት።

ለጾም ወተቱን በሱፍ ውኃ እተካለሁ። ሱፉን ፈጭቼ፣ በውኃ በጥብጬ፣ አጠልላለሁ። እንቁላሉን እተውና ሊጡን ትንሽ ወፈር አደርጋለሁ። የጾሙ ትንሽ ይሰበራል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጣዕሙ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ከፍስኩ አይተናነስም።

እና በምንም ዓይነት ቶሎ አትክፈቱ። እንፋሎቱ እስኪቆም። ሲጨስ፣ ሲጨስ፣ ከዚያ ይረጋል። ያኔ ነው የሚከፈተው። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት መሐሉ ላይ ይቀደዳል።

ያሬድ_ባልቲሞር

ዘይት ሲባል፣ ለማሟሸት የተልባ ዘይት ምርጥ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ጋሽ_የኦሃዮው

የተልባ ዘይት ቶሎ ይጠነክራል፣ ሠዓሊዎች ለቀለም የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሲታይ እንደ መስታወት ያምራል። ግን በእኔ ልምድ ከጥቂት ወራት በኋላ ይላጣል። የልጃችን እናት የጎመን ዘር ምርጫ ትክክል ነው። እዚህ አገር ካኖላ የሚሉት የዚያው ዘመድ ነው። ዋናው የዘይቱ ዓይነት አይደለም፣ ስስነቱ ነው። ቀብታችሁ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሁሉንም እንደማጥፋት ጥረጉት። የቀረው ይበቃል።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ

በሳሙና ይታጠባል ወይስ አይታጠብም? አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ነውር ነው ይላል።

እመቤት_ሲያትል

እኔ አላጥብም። በደረቅ ብሩሽ ፍርፋሪውን አራግፌ፣ ተከፍቶ ይበርዳል፣ አለቀ። ምጣድ በሳሙና ሲታጠብ ያየ አለ?

ጋሽ_የኦሃዮው

እመቤት፣ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። የኤሌክትሪኩን ልክ ነሽ፣ ውኃ አይንካው። የብረቱን ግን የዛሬ የዕቃ ሳሙና ምንም አያደርገውም። ጠንክሮ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ዘይት በሳሙና አይሄድም። የድሮዎቹ ሳሙና ኮስቲክ ነበረበት፣ ክልከላው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የሚጎዳው መዘፍዘፍ ነው። ከሰው ቤት የመጣ ብረት ደግሞ መጀመሪያ ቀን መታጠብ አለበት። በነዚህ የብረት ዕቃዎች ውስጥ እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ማዕድን አቅልጠው ለዓሣ መረብ ክብደትና ለጥይት ያፈሰሱ ሰዎች አሉ። የእርሳስ መመርመሪያ እንጨት ከሃርድዌር ሱቅ ገዝታችሁ አንዴ ፈትሹ። ልጆች የሚበሉበት ነው።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ዛሬውኑ እፈትሻለሁ።

ዳዊት_ሯጩ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። እኔ መጋገሪያ የለኝም፣ ግን አንድ ታሪክ አለኝ። በ1971 የኦሪገን የሩጫ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን የሚስቱን ዋፍል መጋገሪያ ወስዶ ቀልጦ የሚጠነክር ፕላስቲክ አፈሰሰበት። የጫማ ሶል ሊሠራ ነው። ማላቀቂያ ቅባት ስላላደረገበት መጋገሪያው ተጣብቆ ቀረ። ሐሳቡ ግን ሠራ፤ የናይኪ የዋፍል ሶል ከዚያ ነው የመጣው። እኔ ልጅ ሆኜ ስሮጥበት የነበረው ጫማ ሶሉ እንደዚያው ባለ ጉብታ ነበር። ያ መጋገሪያ ባልና ሚስቱ በ1936 ሲጋቡ የተሰጣቸው ነው ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ከቤታቸው አጠገብ ተቀብሮ ተገኘ።

የሲልቨር_ስፕሪንጓ

በጣም ያምራል ዳዊት። ሚስትየዋን ግን አሰብኳቸው።

ቤተሰብ፣ ውጤቱን ይዤ መጣሁ። የእርሳሱ ምርመራ ንጹሕ ነው። የኤሌክትሪኩንም ትናንት ማታ ከፈትኩት። ባለቤቴ መብራት ያዘልኝ። ግራጫ የሚቦን ነገር አላየሁም፣ ውስጡ የሸክላ ዶቃና ስስ የድንጋይ ልጣጭ የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ማጠፊያው ጋ ሽቦ_በሽቦ እንዳለው ነው፤ ሽቦው ተበጥሶ ጫፉ ጥቁር ሆኗል። ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ሳህን ላይ ቆጠርኩ፣ 14 ናቸው። አዲሱን ሽቦ አስገብቼ፣ ዶቃዎቹን መልሼ ሰካሁ፣ በብሎን አሰርኩ። ገመዱንም ቀየርኩ። ቴስተሩ 14 ተኩል ኦም አለ። ገላው ላይ ምንም የለም።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሰካሁት። ላይኛውም ታችኛውም ጋለ። ውኃ ጠብ ሳደርግበት ጠብታዋ እየዘለለች ዞረች። የእመቤትን የጤፍ ሊጥ አፈሰስኩ። አራት ደቂቃ፣ እንፋሎቱ ቆመ። ስከፍተው ሙሉ ወጣች፣ ሁለቱም ፊት እኩል ቡናማ።

እናቴ ወደ አገር ቤት ተመልሳለች። በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። «አሰስሽው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። አሰስኩ አልኳት። «ጎመን ዘር እልክልሻለሁ፣ እዚያ አገር ያለው ያረጀ ነው» አለች።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የግሪስወልዱ የእንጨት እጀታ አንዱ ይወዛወዛል። ብሎኑን ባጠብቀውም ይለቃል። ምን ላድርግ?

ጋሽ_የኦሃዮው

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እጀታውን አታጥብቂው፣ እንጨቱ ደርቆ ስለተኮማተረ ይሰነጠቃል። ንቀዪውና ጫፉን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ብረቱ ጋ የሚገባው ጥርስ ካልተበላ፣ ከውስጥ ስስ ቀለበት አስገብተን እናስተካክለዋለን። ከተበላም አዲስ ከእንጨት ጠርቤ እልክልሻለሁ። ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ጻፊልኝ።